ጂ90 እና ጂ91፦ ማሽኑ ከየት ነው የሚቆጥረው?

የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የመቁረጫ ማሽን) ጀማሪዎችን እነዚህ ሁለት ትእዛዞች በጣም ያደናግራሉ። በጂ90 ማሽኑ እያንዳንዱን ቁጥር ከሥራው ዜሮ ነጥብ፣ ማለትም ልኬቱ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ይለካል። በጂ91 ግን መቁረጫው አሁን ካለበት ቦታ ይቆጥራል።

መቁረጫው ኤክስ በተባለው የእንቅስቃሴ መስመር 30 ሚሊሜትር ላይ ቆሟል እንበል። ቀጥሎ «ኤክስ 10» የሚል መስመር መጣ። በጂ90 ወደ ኋላ ተመልሶ 10 ላይ ይቆማል። በጂ91 ደግሞ 10 ሚሊሜትር ጨምሮ 40 ላይ ይደርሳል።

ልብ በሉ፤ አንዱ ከተጻፈ ሌላው እስኪተካው ድረስ ይጸናል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጂ91 ተረስቶ ከቀረ ቀጣዮቹ መስመሮች ይዛባሉ፤ መቁረጫው ሥራውን ከያዘው ማሰሪያ ጋር ሊላተም ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የመቁረጫ ቅያሪ በኋላ ጂ90ን እንደገና መጻፍ በጣም ይጠቅማል።

በአንዳንድ የቶርኖ ማሽኖች ግን ጂ90 ሌላ ሥራ አለው፤ እዚያ የጭማሪ ርቀት (መቁረጫው ካለበት ቦታ የሚቆጠረው) የሚጻፈው በዩ እና በደብልዩ ፊደላት ነው።