«ጨዋታውን ሸጠው!»፦ ስለ ጄፓርዲ ውርርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድ በሚገኘው የአጎቴ ቤት ማታ ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው ለዜና አይደለም፤ ጄፓርዲ ለሚባለው የአሜሪካ የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ጄምስ ሆልዝሃወር የተሸነፈ ዕለት፣ ጁን 3 ቀን 2019፣ አጎቴ ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጦ «ሸጠው! ጨዋታውን ሸጠው!» ብሎ ጮኸ። 32 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው፣ በአንድ ጨዋታ ብቻ 131,127 ዶላር የወሰደው ሰው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ያስያዘው 1,399 ዶላር ነበር። በማግስቱ የሥራ ባልደረቦቼም ያንኑ ሲሉ ዋሉ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩን ለማያውቅ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሦስት ተወዳዳሪዎች በሁለት ዙር ከሰሌዳ ላይ ፍንጭ እየመረጡ በመመለስ ዶላር ያጠራቅማሉ። በመጨረሻ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄውን ከማየታቸው በፊት ርዕሱ ብቻ ይነገራቸውና ካጠራቀሙት ምን ያህሉን እንደሚያስይዙ ይጽፋሉ። የመለሰ ያስያዘው ይጨመርለታል፤ የተሳሳተ ይቀነስበታል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ቁጥር ነው።

«ሆልዝሃወር ሆን ብሎ ተሸነፈ»

ሰው የተጠራጠረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኬን ጄኒንግስ በ2004 በ74 ድሎች የሰበሰበው 2,520,700 ዶላር ላይ ለመድረስ ሆልዝሃወር 58,484 ዶላር ብቻ ነበር የቀረው፤ ለእሱ ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በአስር ሺህዎች ሲያስይዝ የኖረ የላስ ቬጋስ ቁማርተኛ እዚህ ሲደርስ ለምን እጁን ሰበሰበ?

«ጋሼ፣ ቆይ እስቲ ልደምረው» ብዬ እርሳስ አነሣሁ። ወደ መጨረሻው ጥያቄ ሲገቡ ኤማ ቤቸር 26,600፣ ሆልዝሃወር 23,400፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ደግሞ 11,000 ዶላር ነበራቸው። መሪ የሆነ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ ሁለተኛው ያለውን ሁሉ አስይዞ ቢመልስ የሚደርስበትን ያሰላል፤ በዚያ ላይ አንድ ዶላር ይጨምራል። የሆልዝሃወር እጥፍ 46,800 ነው። ስለዚህ ኤማ 20,201 አስያዘች፤ ከመለሰች 46,801 ይኖራታል።

አሁን በእሱ ቦታ እንቁም። ኤማ ከመለሰች፣ ያለውን በሙሉ አስይዞ ቢመልስ እንኳ በአንድ ዶላር ይሸነፋል። ከተሳሳተች ግን 6,399 ብቻ ይቀራታል፤ ያን ጊዜ የሚያሰጋው ከኋላ ያለው ሦስተኛው ሰው ነው። የእሱ እጥፍ 22,000 ነው። ከ23,400 ላይ 1,399 ይቀነስና 22,001 ይቀራል። ማለትም ኤማ ከተሳሳተች ሆልዝሃወር ራሱ ቢሳሳትም አሸናፊ ነው። አጎቴ «ምን ያለች ትንሽ ገንዘብ ናት» ያለላት ቁጥር በልክ የተሰፋች ነበረች፤ አንድ ዶላር ቢጨምርባት እሱ ከሦስተኛው ጋር እኩል ሊወጣ ይችላል።

ሦስቱም መለሱ። ኤማ በ46,801 አሸነፈች፤ እሱ በ24,799 ቀረ። የሆልዝሃወር ስሌት የሚፈርሰው ኤማ ፈርታ ትንሽ ብታስይዝ ነበር። ግን በሁለተኛው ዙር ሁለቱንም ዴይሊ ደብል (ያገኘው ሰው ገንዘብ አስይዞ ብቻውን የሚመልሰው በሰሌዳው ላይ የተደበቀ ፍንጭ) ያገኘችው፣ በአንዱም ላይ ያላትን በሙሉ ያስያዘችው እሷ ናት። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበረች፤ የማስተርስ ጽሑፏንም የሠራችው የእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎችን ክብደት በኮምፒውተር ስለ መገመት ነው። በዚያ ምሽት የተሸጠ ጨዋታ አልነበረም። ሆልዝሃወርን የበለጠችው ሴት ናት።

«ሁለተኛ የሆነ ሰው ያለውን በሙሉ ማስያዝ አለበት»

ይህ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ ጀግንነት ስለሚመስልም ለመተው ያስቸግራል።

ጄኒንግስ የወደቀበትን፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2004 የተላለፈውን ጨዋታ እንውሰድ። በሁለተኛው ዙር ሁለቱንም ዴይሊ ደብል ስቶ 10,200 ዶላር ከስሯል፤ እንዲያም ሆኖ በ14,400 ይመራል። ናንሲ ዘርግ 10,000 አላት። እሱ እንደ ደንቡ የእሷን እጥፍ በአንድ ዶላር ለመብለጥ 5,601 አስያዘ። ርዕሱ ንግድና ኢንዱስትሪ ነበር፤ ጥያቄው ደግሞ 70,000 ጊዜያዊ የቢሮ ሠራተኞች ያሉትንና ከእነዚህም አብዛኞቹ በዓመት አራት ወር ብቻ የሚሠሩለትን ድርጅት ይጠይቃል። በየዓመቱ ታክስ ለማሠራት ወረፋ የሚይዘው የእኛ ሰው ሳይመልሰው አይቀርም ነበር፦ ኤች ኤንድ አር ብሎክ። ጄኒንግስ ፌዴክስ ብሎ ጻፈና 8,799 ቀረው።

ዘርግ 4,401 አስይዛ ነበር፤ መለሰችና በ14,401 አሸነፈች። ሁሉም ያጨበጨበላት ለዚህ ነው፤ ይገባታልም። ውርርዷን ለብቻው ነጥለን ካየነው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። 1,200 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ብታስይዝ ኖሮ፣ ጄኒንግስ እስከተሳሳተ ድረስ፣ መለሰችም አልመለሰችም ትበልጠው ነበር፤ ብትሳሳት እንኳ ቢያንስ 8,800 ይኖራታል። በ4,401 ግን መሳሳት አትችልም፤ ብትሳሳት የሚቀራት 5,599 ነው። ጄኒንግስ ከመለሰ ደግሞ 20,001 ይደርሳል፤ እሷ ሁሉን ብታስይዝም ከ20,000 አታልፍም። ስለዚህ ማሸነፍ የምትችለው እሱ ከተሳሳተ ብቻ ነው። እሱን ያሳሳተ ጥያቄ ደግሞ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ከባድ ጥያቄ እሷንም ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛው ሰው ብዙ በማስያዝ ዕድሉን የሚጥለው የራሱ መልስ በሚጠረጠርበት ሰዓት ላይ ነው።

ድንበሩ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሁለተኛው ከመሪው ነጥብ ሁለት ሦስተኛ በላይ ካለው፣ ትንሽ አስይዞ የመሪውን ስሕተት መጠበቅ ያዋጣዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ማስያዝም መመለስም አለበት። መሪው ከሁለተኛው እጥፍ በላይ ካለው ግን የቀረው ቡና መጠጣት ነው፤ ራሱን በራሱ ካልጣለ ማንም አይደርስበትም።

«የተሸነፉትም ያጠራቀሙትን ይዘው ይሄዳሉ»

አይሄዱም። በሰሌዳው ላይ የታየውን ገንዘብ የሚወስደው አሸናፊው ብቻ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሚሰጠው የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ 3,000 እና 2,000 ዶላር፣ ከዚያ በፊት 2,000 እና 1,000 ነበር። ሆልዝሃወርም በመጨረሻው ምሽት የወሰደው 24,799 ሳይሆን 2,000 ዶላር ነው። ለዚህም ነው «ያጠራቀመውን ለማትረፍ ብሎ ትንሽ አስያዘ» የሚለው አስተያየት ውኃ የማይቋጥረው። የሚተርፍ ነገር የለም።

«ቀድሞ የተጫነ ቀድሞ ይመልሳል»

የዛሬው ጄፓርዲ በጀመረበት፣ ከ1984 እስከ 1985 በነበረው ዓመት እውነት ነበር፤ አቅራቢው ፍንጩን እያነበበ ሳለ፣ የመመለስ ተራ የሚያስገኘውን መጫኛ መጫን ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አቅራቢው አንብቦ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ነው። ሲጨርስ ከሰሌዳው ግራና ቀኝ መብራት ይበራል፤ መጫኛው የሚሠራው ከዚያ ወዲያ ነው። የቸኮለ ሰው ለሩብ ሰኮንድ ይቆለፍበታል። ሩብ ሰኮንድ ለእኛ ምንም ነው፤ እዚያ ግን ሌላው ገብቶ መልሶ ጨርሷል። አንድ ተወዳዳሪ አውራ ጣቱን ደጋግሞ እያርገበገበ ፊቱ ሲጨማደድ ብታዩ መልሱን አጥቶ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል፣ ጊዜው ነው ያመለጠው።

«ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች አለመሄድ ብልግና ነው»

በ2014 አርተር ቹ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ሲጫወት የተቆጣው ተመልካች ብዙ ነበር። ዘዴው ግን የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ቸክ ፎረስት በ1985 ተጫውቶበታል፣ በስሙም ተጠርቷል። የትኛውም ደንብ አይከለክለውም። መዝለል ተጋጣሚን ማደናገሩ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን አደን ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ዴይሊ ደብል ተደብቀው ይገኛሉ። ያገኛቸው ሰው ብቻውን ይመልሳል፤ ከ5 ዶላር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ማስያዝም ይችላል። የሚገኙትም በአብዛኛው በታችኞቹ ረድፎች ነው፤ ከላይኛው ረድፍ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው። ሆልዝሃወር ከታች፣ ውድ ከሆኑት ፍንጮች ይጀምር የነበረው ለሁለት ጥቅም ነው፦ ዴይሊ ደብሉን ሲያገኝ የሚያስይዘው ገንዘብ አስቀድሞ እጁ ላይ እንዲኖር፣ እግረ መንገዱንም ወደተደበቀበት ሠፈር እንዲቀርብ። እኔ በበኩሌ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ማየት ደስ ይለኛል፤ ርዕሱ እንደ ተረት ይፈስሳል። ግን የእኔ ደስታ የተወዳዳሪው ግዴታ አይደለም።

«ያ ኮምፒውተር ቶሮንቶን አሜሪካ ውስጥ አገኛት»

አይቢኤም የሠራው ዋትሰን በፌብሩዋሪ 2011 ከጄኒንግስና ከሌላው ስመ ጥር አሸናፊ ከብራድ ሩተር ጋር ሲወዳደር «የአሜሪካ ከተሞች» በሚል ርዕስ ለቀረበ ጥያቄ ቶሮንቶ ብሎ መለሰ። ትክክለኛው ቺካጎ ነበር። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ሳቁ ላይ የሚረሳው ነገር ያስያዘው ገንዘብ ነው፦ ከ36,681 ዶላር ውስጥ 947 ብቻ። በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር፤ በማያስተማምን ርዕስ ላይ ብዙ የሚያስይዝበት ምክንያት አልነበረውም። ተሳስቶም 35,734 ቀረው። የሁለቱ ጨዋታ ድምር ሲታይ ዋትሰን 77,147፣ ጄኒንግስ 24,000፣ ሩተር 21,600 ነበራቸው። በመልሱ ይሳቅበት፤ በውርርዱ ግን አይሳቅበትም።

«አንዷ ዶላር ለጉራ ናት»

አጎቴ ይህችን አንድ ዶላር አይወድዳትም፤ «በአንድ ብር ያሸነፈ ምኑን አሸነፈ?» ይላል። አስፈላጊነቷ ግን እንደ ዘመኑ ደንብ ይለያያል። ቀድሞ ሁለት ሰዎች በእኩል ነጥብ ቢጨርሱ ሁለቱም አሸናፊ ሆነው ገንዘባቸውን ይወስዱ፣ በሚቀጥለው ጨዋታም አብረው ይመለሱ ነበር። አርተር ቹ ሲመራ ዶላሯን ሆን ብሎ የተወው ለዚህ ነው፦ እኩል ቢወጡ ከኪሱ የሚጎድል የለም፤ ሁለተኛው ደግሞ እኩል ለመውጣት ሲል ያለውን ሁሉ እንዲያስይዝ ይገፋፋዋል፣ ሁሉን አስይዞ የተሳሳተ ሰው ደግሞ ባዶ ይቀራል። በዚህ መንገድ አንድ ጨዋታ በእኩል ነጥብ ሲያልቅ ተመልካቹ ቸርነት መሰለው። በዚያው በ2014 ኖቬምበር ላይ ደንቡ ተቀየረ፤ እኩል የወጡ ሰዎች በአንድ ማለያያ ጥያቄ ይለያያሉ፣ ቀድሞ ተጭኖ የመለሰ ብቻ ያሸንፋል። ስለዚህ ዛሬ ዶላሯን የሚተው መሪ፣ ሁለቱም ከመለሱ ያለቀለትን ድል መልሶ ለሩብ ሰኮንድ ሽሚያ ያቀርበዋል።