ይቅርታ ምንድን ነው?

«መሽቷል፣ ቡናው ይቅር» እንላለን። «ዝናብ ስለሆነ ዛሬ መንገዱ ይቅርብህ» እንላለን። እዚህ ላይ «ይቅር» ማለት ይተው፣ አይሁን ማለት ነው፤ ቀረ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በዚችው ቃል መጨረሻ ላይ «ታ» ሲጨመር ይቅርታ ይሆናል። አማርኛ ከሰው አፍ የወጣውን ንግግር እንዳለ አንሥቶ ስም ማድረግ ያውቅበታል፦ ከ«ይሁን» ይሁንታ፣ ከ«እሺ» እሺታ፣ ሰው ምን ይሉኝ ይሆን ከሚል ሥጋት ደግሞ ይሉኝታ።

ታዲያ «ይቅር» የሚለው ማን ነው? በዳይ «ይቅር በለኝ» ሲል «ያችን ቃል አንተ ተናገርልኝ» ብሎ መለመኑ ነው። ቃሏ የተበዳዩ ናት፤ ይቅር ባይ የምንለውም እሱን ነው። ወንድማማቾች ተጣልተው አንዱ «ይቅርታ ብዬሃለሁ እኮ! ሌላ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲቆጣ የሰማ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። «ይቅርታ ብዬሃለሁ» የጠያቂ ቃል ነው፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» የተበዳይ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ታ» ብትሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የተቆጣው ወንድም ጠየቀ እንጂ ገና መልስ አላገኘም። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» ተብሎ የሚለጠፈው ወረቀትም እንደዚሁ ጥያቄ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ የሚጠበቀው የተበዳዩ አንደበት ነው። ተበዳዩ ፊቱን አዙሮ ዝም ሲል ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ይማጸኑታል እንጂ በእሱ ቦታ ሆነው አይናገሩለትም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ግን ድንጋዩ ይወርዳል። ካሣ የሚከፈልበት በደል ከሆነ ካሣው ለብቻው ይቆረጣል።

«ይቅር» ሲባል የሚተወውስ ምንድን ነው? ቂሙና ብድር መመለሱ ነው፤ ድርጊቱማ ተፈጽሟል። ይቅርታን ከመርሳት ጋር የሚያምታቱ ሰዎች ተበዳዩን ያለ ጥፋቱ ያስጨንቁታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ የተወጋው ሰው ጠባሳውን እያየ ይቅር ማለት ይችላል።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሕግ ቋንቋ ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ነው፤ ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርለታል። ምሕረት ግን ወንጀሉን ራሱን ስለሚመለከት ያላለቀ ክስን ጭምር ሊያቋርጥ ይችላል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለርእሰ ብሔሩ ይሰጣል። የሰው ዘር ማጥፋትና ሰውን አስገድዶ መሰወርን የመሳሰሉ ወንጀሎች ግን በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ አንቀጽ 28 ይደነግጋል። ተገቢ ነው እላለሁ፤ የተገደለውን ሰው ተክቶ «ይቅር» የሚል ማን አለ?