እንገር ምንድን ነው?

ገጠር ያደገ ልጅ እንገርን ያውቃል። ላም ስትወልድ ከመጀመሪያው ወተቷ ከጥጃው የተረፈው ይታለብና እሳት ላይ ይጣዳል። ሲሞቅ እንደ እንቁላል ይረጋል። እኛ ልጆቹ ምድጃውን ከበን እንጠብቃለን። እናቴ ግን "መጀመሪያ ጥጃው ይጥገብ፤ እንገር ያላገኘ ጥጃ አይጠናም" ትለን ነበር።

እውነቷን ነው። ጥጃ በሽታ መከላከያውን በማህፀን ሳለ አያገኝም። ከእንገር ነው የሚያገኘው፣ ያውም በተወለደ በሰዓታት ውስጥ።

ሰሞኑን አራተኛ ክፍል የምትማረውን የእህቴን ልጅ ስለ ጡት ጠየቅኋት። "እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፤ ውሃም አይሰጥም" አለችኝ ፈጠን ብላ። ወንድሟን ሲያስከትቡ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንብባ ነው። ስለ እንገር ስጠይቃት ግን ሳቀች። "እሱማ የላም ነው! ሰውም እንገር አለው እንዴ?"

አለው። እናት በወለደች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለ፣ ቢጫማ ወተት እንገር ይባላል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚጠባው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። የአራስ ልጅ ሆድም ትንሽ ስለሆነች ይበቃዋል። በሽታ የሚከላከሉ ነገሮችና ቫይታሚን ኤ በብዛት አሉበት። ያንን ጥቁርና የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ሰገራም ቶሎ እንዲወጣ ያግዛል።

ጉዳት ያመጣበት መልኩ ነው። ቢጫ ስለሆነ "የቆየ ነው፣ ሆድ ያማል" እየተባለ ታልቦ ሲደፋ ኖሯል። ሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ወይም ስኳር በውሃ ይቀምሳል። ይሄ እየቀረ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በተወለዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይዘዋል። የቀሩት 27ቱ ግን ያሳስቡኛል።

ለዚህ ነው ነገሩን ልጆች እንዲያውቁት የምፈልገው። እናት አራስ ቤት ስትተኛ ውሃ የምታቀብለው፣ ሕፃኑን የምታቅፈው ታላቅ እህት ናት። ትምህርት ቤት ስለ አጥቢ እንስሳት ሲማሩ ደግሞ ላሟ ትነሳለች። መምህሩ ከጥጃው ወደ ሕፃኑ ለመሻገር አንድ ጥያቄ ይበቃዋል።

ልጅቷ ማታ እናቷን ያዘቻት። "እኔ እንገር ጠጥቻለሁ?"

እህቴ ትንሽ ዝም አለችና፣ "አንቺ ጠጥተሻል" አለቻት። "እኔንና አክስትሽን ግን ቅቤ ነው ያቀመሱን።"