የሃይ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ ኖይዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ላቦራቶሪ ውስጥ ሃይ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ መረበሽ ሲጀምር፣ ማለትም ቮልቴጁ ላይ ያልተፈለገ መዋዠቅ (ኖይዝ) ሲታይ፣ መላ የሌለው ሰው የለም። አንዱ «ካፓሲተር ጨምሩበት» ይላል። ሌላው «ኧርዙን ንቀሉት» ይላል። ከነዚህ መላዎች አንዳንዱ ጊዜ ይበላል፤ አንዳንዱ ሰው ይገድላል። ደጋግመው የሚነሱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዲስፕሌዩ ላይ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ ችግሩ ከፓወር ሰፕላዩ አይደለም»

ዲስፕሌዩ የሚያሳየው አማካዩን ነው። በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ነገር እዚያ ላይ አይታይም። ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ቀይሮ ለሚያጎላው ለፎቶመልቲፕላየር ቱቦ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቱቦው ጌይን (የሚያጎላበት መጠን) የሚያድገው በቮልቴጁ 7ኛ ፓወር ገደማ ነው። 1500 ቮልት ላይ የ1.5 ቮልት ለውጥ፣ ማለትም 0.1 በመቶ፣ ጌይኑን በ0.7 በመቶ ገደማ ያዛባዋል።

«ኦሲሎስኮፑ ላይ የታየው ሁሉ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ ነው»

ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ) ቮልቴጁን በሞገድ መልክ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ግን የፕሮቡ፣ ማለትም የመለኪያ ኬብሉ፣ የግራውንድ ሽቦ ራሱ አንቴና ነው። አጠገቡ ያለ የሞባይል ቻርጀር ወይም ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ይበቃዋል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የፕሮቡን ጫፍ ከራሱ የግራውንድ ክሊፕ ጋር አገናኙና መሣሪያው አጠገብ ያዙት። ምንም ሳትለኩ ያው ሞገድ ከታየ፣ አየር ላይ ያለውን ነው የያዛችሁት።

ተራ ፕሮብ የሚችለው ጥቂት መቶ ቮልት ብቻ ነው። ሃይ ቮልቴጁን በቀጥታ አታስነኩት። ለዚያ የተሠራ 1000 ለ 1 ፕሮብ አለ፤ ግን እሱም ሪፕሉን፣ ማለትም ዲሲው ላይ የቀረውን ትንሽ ሞገድ፣ ለ1000 ያካፍለዋል። 100 ሚሊቮልት ሪፕል 0.1 ሚሊቮልት ሆኖ ስኮፑ በራሱ ኖይዝ ውስጥ ይውጠዋል። ስለዚህ ሪፕል የሚታየው ዲሲውን በሚያግድ፣ ቮልቴጁን በሚችል ካፓሲተር በኩል ነው። ከኋላው ደግሞ የስኮፑን መግቢያ የሚከላከል ነገር የግድ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይኖር አትሞክሩት።

ሞገዱ እውነተኛ ከሆነ ፍሪኩዌንሲውን እዩ። የምርመራው ግማሽ እዚያ ያልቃል። የኛ መስመር 50 ሄርዝ ነው። ስኮፑ ላይ 50 ሄርዝ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የገባ ነው፤ ወይ የግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎቹ በኧርዝና በኬብል ሲያያዙ የሚፈጠር ዙሪያ መንገድ)፣ ወይ ከቅርብ ትራንስፎርመር የተለቀመ። 100 ሄርዝ ከሆነ የፉል ዌቭ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) ሪፕል ነው፤ ያረጀ የፊልተር ካፓሲተር ጠርጥሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄርዝ ከሆነ የስዊቺንጉ ነው፤ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ በፍጥነት ከሚበራና ከሚጠፋው ክፍል የመጣ። ሥርዓት የሌለው፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ስፓይክ (ድንገተኛ ሹል ምት) ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ የምናየው ነው።

«የስፒናውን ኧርዝ ንቀሉት፣ ወዲያው ይጠፋል»

አዎ፣ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ምክር አልሞት ያለው ለዚህ ነው። ኧርዙ ሲነቀል ሉፑ ይቆረጣል። ነገር ግን ውስጥ አንድ ቦታ ኢንሱሌሽን ከተበላሸ ቀፎው በሙሉ ሃይ ቮልቴጅ ይሸከማል። የሚነካው ሰው ደግሞ ለከረንቱ ወደ መሬት መውረጃ ይሆናል። በፍጹም አይደረግም! ፓወር ሰፕላዩን፣ አምፕሊፋየሩንና ኦሲሎስኮፑን ኧርዝ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ኬብሎቹን አሳጥሯቸው፣ ጎን ለጎንም አስኬዷቸው። ሉፑ የሚያቅፈው ቦታ በጠበበ ቁጥር ረብሻው ይቀንሳል።

«ትልቅ ካፓሲተር ይጨመርበት»

ከውጭ ተለቅሞ ለሚገባ ኖይዝ ካፓሲተር ብዙም አይፈይድም። ለሪፕልም ቢሆን አደጋው ከባድ ነው። የሚያጠራቅመው ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ 1 ማይክሮፋራድ በ10 ሺህ ቮልት 50 ጁል ይይዛል። ያ ሰው ይገድላል። ካራገፋችሁት በኋላም ዳይኤሌክትሪኩ (በሁለቱ ፕሌቶች መካከል ያለው ኢንሱሌተር) ውስጥ የቀረው ቻርጅ ቀስ እያለ ይመለሳል። ስለዚህ በሬዚስተር ካራገፋችሁት በኋላ ሁለቱ ጫፎች በሽቦ እንደተያያዙ ይቆዩ። ጭነቱ፣ ማለትም ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል የሚወስደው መሣሪያ፣ የሚስበው ከረንት ትንሽ ከሆነና ሪፕሉ የስዊቺንግ ከሆነ ሬዚስተር ብዙ ያግዛል። 10 ኪሎኦም ከ10 ናኖፋራድ ጋር የ50 ኪሎሄርዝ ሪፕልን 30 እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል። ጭነቱ ግማሽ ሚሊአምፔር ቢስብ የምታጡት 5 ቮልት ብቻ ነው። ለ100 ሄርዝ ግን ይኸው ፊልተር ምንም አይጠቅምም።

«ስታቢላይዘር አለን»

ስታቢላይዘር 220ውን ይጠብቃል እንጂ ኖይዝ አያጣራም። የሪሌ ዓይነቱ እንዲያውም «ቀጭ» ባለ ቁጥር ራሱ ስፓይክ ሊልክ ይችላል።

«ስፓይኩ ከመገጣጠሚያው ነው፤ በቴፕ ጠቅልሉት»

ይህን በተለይ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው ይገባል። በባሕር ጠለል ላይ ደረቅ አየር ለአንድ ሚሊሜትር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ይቋቋማል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ሩብ ገደማ ያንሳል፣ አየሩ የሚችለው ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል። አብዛኛው የላቦራቶሪ መሣሪያ የተሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው። ሌላ አገር ጸጥ ብሎ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ሲመጣ ስፓይክ ቢያወጣ አይግረማችሁ።

የስፓይኩ ምንጭ ኮሮና ዲስቻርጅ፣ ማለትም ሃይ ቮልቴጅ በአየር ውስጥ የሚያፈስሰው ከረንት፣ መሆኑን ማወቅ አይከብድም። ቮልቴጁን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። ስፓይኩ አንድ ቮልቴጅ ላይ ድንገት ይጀምራል፤ ዝቅ ስታደርጉት ይቆማል። መብራት አጥፍታችሁ ከርቀት ብትመለከቱ ሐምራዊ ብርሃን ሊታይ ይችላል። «ሽሽ» የሚል ድምፅና የኦዞን ሽታም አለው።

ምንጩ ሹል ነገር ነው። ከብየዳው ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ ጫፍ፣ ከኬብሉ ያመለጠ አንድ ቀጭን የሽቦ ዘለላ። ቴፕ ሲጠቀለልበት ከሥሩ አየር ይታፈናል። ዲስቻርጁ እዚያው ውስጥ ይቀጥልና ኢንሱሌሽኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። መፍትሔው ብየዳውን እንደገና አቅልጦ ክብ ጉብታ ማድረግ፣ ዘለላውን መቁረጥ፣ ርቀቱን ማስፋት ነው። አቧራውን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ። በበጋ የተጠራቀመ አቧራ ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ስፒናው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ ከተራገፈ በኋላ ነው። ከዚያ ስፓይኩ የሚጀምርበትን ቮልቴጅ እንደገና ለክታችሁ ከበፊቱ ጋር አወዳድሩ። ወደ ላይ ካልሄደ ሌላ ሹል ቦታ ቀርቷል።