ቴክሳስ ሆልደም፦ የፖከር አጨዋወትና ተጋጣሚን ማንበብ

ቴክሳስ ሆልደም ዛሬ በጣም የተለመደው የፖከር ዓይነት ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሮብስታውን በምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ተጀመረ ይባላል። የግዛቲቱ ምክር ቤትም በ2007 እ.ኤ.አ. የትውልድ ቦታው እሷ ናት ብሏል። ላስ ቬጋስ የገባው በ1960ዎቹ ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። 52 ካርታ ይበወዛል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል። ከዚያ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ መሃል ላይ ይገለጣል፦ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። በየመሃሉ ተጫዋቹ ገንዘብ ያስይዛል፣ ይጨምራል ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ከሰባቱ ጥሩ አምስት ያለው ይበላል። ሁሉም ጥለው ከወጡ ደግሞ የቀረው ሰው ምንም ባይኖረው እንኳ ብሩን ይወስዳል። የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት አስ (ትልቁ ካርታ) የሚደርስህ በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ ካርታ ከመጠበቅ ሰውን ማንበብ ይሻላል። ብዙዎች ፊት ፊቱን ያያሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፈርቷል ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥሩ ካርታ ደርሶት ነው። ከፊት ይልቅ ገንዘብ የሚያስይዝበት መንገድ ይናገራል። መቼ ጨመረ? ስንት? ከመጀመሪያው ጀምሮ ያደረገው ነገር እርስ በርሱ ይገጥማል?

በ2003 የዓለም ፖከር ውድድር ፍጻሜ ላይ የሆነው ጥሩ ምሳሌ ነው። ክሪስ መኒሜከር የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። 10,000 ዶላር የሚያስከፍለውን ቦታ ያገኘው በኢንተርኔት ማጣሪያ አሸንፎ ነው። ተጋጣሚው ሳም ፋርሃ ነባር ባለሙያ ነው። መሃል ላይ 9፣ 2፣ 6፣ 8 እና 3 ወጡ፤ ሦስቱ ስፔድ ናቸው (ከአራቱ የካርታ ምልክቶች አንዱ፤ አምስት ስፔድ ያለው ጥንድን ይበልጣል)። ፋርሃ በእጁ አንድ 9 ስለያዘ ከመሃሉ ጋር ጥንድ 9 ነበረው። መኒሜከር የያዘው ኪንግና 7 ነው፤ የጠበቀው ካርታ ሁሉ ቀርቶበታል። ያለውን በሙሉ ገፋ። ፋርሃ መኒሜከር ስፔድ ጠብቆ እንደቀረበት በአፉ ገመተ፤ ግምቱም ልክ ነበር። ግን የራሱን ንባብ አላመነም፤ ካርታውን ጣለ። መኒሜከር ብዙም ሳይቆይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ።

ዕድል ነው ወይስ ችሎታ የሚለው ክርክር አላለቀም። በአንድ ዙር ዕድል ሊያሸንፍ ይችላል። አሜሪካዊው ተጫዋች ስቱ አንገር ግን ይህንን የዓለም ውድድር በ1980፣ በ1981 እና በ1997 በልቷል።

መኒሜከር ባሸነፈበት በ2003 በዓለም ውድድሩ የተወዳደሩት 839 ሰዎች ነበሩ። ከእሱ ድል በኋላ፣ በ2006፣ 8,773 ደረሱ።