ደም ማነስና ግፊት መውረድ አንድ አይደሉም

ሰሞኑን «ድካም አልለቅ አለኝ፣ ደም አንሶኛል መሰለኝ» የሚል ጥያቄ ተደጋገመ። ከጥያቄው ሥር የሚጻፈው ግን የደም ግፊት ቁጥር ነው።

ክንድ ላይ ታስሮ የሚለካው ግፊት ነው፤ ደም የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል። ደም ማነስ የሚታወቀው ግን ደም ተቀድቶ ሄሞግሎቢን ሲታይ ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው እሱ ነው፤ ሲጎድል ትንሽ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል።

ደብረ ብርሃን ያለች ጎረቤቴ ግፊቷ ዝቅ ብሎ 90/60 ስለተባለ ወር ሙሉ ቀይ ሥር ቀቅላ በላች። ቀይ ሥር ቀለሙ ነው እንጂ ሄሞግሎቢን የሚሠራበት ብረት ያለው ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ግፊትን በመጠኑ ያወርዳል! ኋላ ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ደም 9 ግራም ሆነ። ምክንያቱ የሚበዛባት የወር አበባ ነበር።

ሄሞግሎቢን እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ ይህ ግን ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ወሰኑ እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የደገኛ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ ወሰኑም ከ1 ግራም በላይ ይጨምራል። ስለዚህ እንዲሁ ደጋ በሆነው መንዝ ላይ 12.5 ያላት ሴት «ደህና ነሽ» ብትባል «ከፍታው ታስቧል ወይ?» ብላ ትጠይቅ።

መንስኤውም ይለያያል፦ እርግዝና፣ የሆድ ትል፣ የጨጓራ መድማት። በተለይ ወንድ ላይ ከታየ ደሙ የት እንደሚሄድ ሳይፈለግ እንክብል ብቻ መዋጥ አያዋጣም። የብረት እንክብል የታዘዘለት ሰው ቡናና ሻይን አንድ ሁለት ሰዓት ያርቅ። ሄሞግሎቢኑ ደህና ሆኖ ድካሙ ከቀጠለ ደግሞ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢና እንቅልፍ ይታዩ።