ነፃ የጃዝ ኮንሰርት በመሀል አዲስ አበባ

በመሀል አዲስ አበባ «ነፃ የጃዝ ኮንሰርት» ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ትኬት የማይቆረጥበት፣ ማንም ገብቶ የሚሰማው ኮንሰርት ነው። ሁለተኛው ፍሪ ጃዝ ነው። ሙዚቀኛው በተጻፈ ዜማም ሆነ በተቆጠረ ምት ሳይታሰር፣ ጓደኛውን እየሰማ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥረው ማለት ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ሙዚቀኞች ከእኛዎቹ ጋር ሲጫወቱ አንዳንዴ ሁለቱም ባንድ ምሽት ይገጥማሉ።

ትኬት የሌላቸውን ዝግጅቶች የሚያሰናዱት በአብዛኛው የባህል ተቋማትና ኤምባሲዎች ናቸው። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ በዚህ ይታወቃል። ለነፃ ኮንሰርት የሚጠበቁ ሁለት ቀኖችም አሉ። ሚያዝያ 22 ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የሰየመው ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ነው። ሰኔ 14 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረው የሙዚቃ በዓል ነው። እሱ ከመነሻውም በነፃ የሚሰማ ነው። ችግሩ ሰኔ ላይ ሰማዩ አይታመንም።

ዋናው ሥራ ያለው ልምምዱ ላይ ነው። የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚነጋገሩት በቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ጃዝ የተማረ እንግዳ በምዕራባውያን ሙዚቃ ያሉትን አሥራ ሁለቱንም ድምፅ መነካካት ለምዷል። ስድስተኛ ድምፅ ጣል ሲያደርግ ግን ትዝታው ትዝታ መሆኑን ያቆማል። እንግዳን በጣም የሚፈትነው አንቺ ሆዬ ይመስለኛል። በጣም የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉት ለጆሮው እንግዳ ነው። ክራርም የራሱ ጣጣ አለው። ቅኝት በተቀየረ ቁጥር ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅኝት ያላቸውን ዜማዎች አከታትሎ መደርደር ይቀላል። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ብቻ ይዞ፣ ጣት ትንሽ ሸርተት ስትል ከማንም ጋር ይስማማል።

የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ባንዶች ጋር መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ሆነዋል። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኛ አስተምረዋል። ለንደን፣ ቦስተንና ኒው ዮርክ ቆይተው የተመለሱት ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ሪትም ጋር አዋህደው ኢትዮ ጃዝን አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራቸው አዲስ አበባ ሲመጡ አብረዋቸው የሠሩት ሙላቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ባንድ እዚሁ ተጫውቶ፣ ዝግጅቱ በአልበም ወጥቷል።

ወደ ፍሪ ጃዝ ስንመጣ ጌታቸው መኩሪያን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው። የጩኸቱ ስንጥቅታ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ መውጣቱ፣ ድንገት መቆሙ፤ የውጭ አድማጮች ይህን ሲሰሙ የፍሪ ጃዝ ፈር ቀዳጅ የሆነውን አሜሪካዊ ሳክስፎን ተጫዋች ኦርኔት ኮልማንን ያስታውሳሉ። ምንጩ ግን ጦር ሜዳ የወረደው የፉከራ ድምፅ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙዎች የተኮረጀ ስለሚመስላቸው ነው። «ዘ ኤክስ» የተባለው የአምስተርዳም ባንድ እሳቸውን ፈልጎ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

መድረኮቹ አይበረክቱም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ክለብ ጃዝአምባ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ በእሳት ወደመ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ የተባለው የአዝማሪ ቤት ደግሞ አዝማሪንና የውጭ ሙዚቀኛን ባንዲት ጠባብ ቤት ያገናኝ ነበር።

ማሳረጊያው ብዙ ጊዜ ችክችካ ነው። ሁሉም አንድ ላይ መድረክ ይወጣሉ። ሰው ማጨብጨብ ይጀምራል፣ እስክስታ ይወርዳል። ያኔ የውጭው ድራመር ኖታውን ትቶ የጨፋሪዋን ትከሻ እያየ ነው የሚመታው።